ስሙን የተነጠቀ ልጅ

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባላል። በአዲስ አበባ ጎዳና ለሚያድረው ልጅ ግን ስም የሚያወጣለት አላፊ አግዳሚው ነው፤ «ዱርዬ»፣ «ቦዘኔ»፣ «ቦርኮ»! እናቱ ያወጣችለት ስም አውቶቡስ ተራ በወረደ ማግሥት ይጠፋል። ይህን የቃላት ጉዳይ ብቻ ነው የሚል ካለ ተሳስቷል። ልጁ በዱላ ከመባረሩ በፊት በቃል ተባሯል።

«ቦዘኔ» ማለት ሥራ ፈት ማለት ነው። የዚህ «ሥራ ፈት» ውሎ እስቲ ይመርመር። ጎሕ ሳይቀድ መርካቶ ገብቶ ይሸከማል፤ የሊስትሮ ሣጥኑን አንግቦ ከፒያሳ ለገሃር ይዞራል፤ ሎተሪ፣ ማስቲካና ሶፍት ያዞራል። ከእነዚህ ልጆች ብዙዎቹ ሲመሽ ወደ ደሳሳ ጎጇቸው ተመልሰው የዕለት ገቢያቸውን ለእናታቸው የሚያስረክቡ ሠራተኞች ናቸው። መግቢያ የሌላቸው ደግሞ በካርቶንና በላስቲክ ተጠቅልለው በረንዳ ያድራሉ። ራታቸው ከሆቴል ትራፊ የተጠራቀመ «ቡሌ» ነው፤ እርሱም በገንዘብ ይገዛል። የሐምሌ ብርድና ረኃብ ሲጠናባቸው ማስቲሽ ያሸታሉ። «ሱሰኛ» ብሎ የሚያልፍ ሰው ማስቲሹ በብርድ ልብስና በእንጀራ ምትክ የገባ መሆኑን አያስተውልም።

ከየት መጡ? ከገጠር የመጣው መሬቱ ተሸንሽኖ ካለቀበት፣ ድርቅ ወይም ጦርነት ከበተነው፣ እናት ወይም አባት ከሞተበት ቤት ነው። የከተማውን ተወላጅ የቤት ኪራይና የኑሮ ውድነት አስወጥተውታል። ሴት ልጅ እንደ ወንዱ በብዛት አትታይም፤ ደላላ ተቀብሎ ሰው ቤት ያስገባታልና መከራዋ በግድግዳ ተከልሏል።

የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ የሕፃናትን መብቶች ስምምነት በ1982 ዓ.ም. አጽድቋል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 36 ለማንኛውም ሕፃን ስምና ዜግነት የማግኘት፣ ከጉልበት ብዝበዛም የመጠበቅ መብት ደንግጓል። ይሁን እንጂ ትልቅ ጉባኤ ወይም በዓል ሲቃረብ ልጆቹን ከጎዳና ማፈስ የቆየ ልማድ ነው። ለጎዳና የዳረገው ምክንያት ስላልተነካ የታፈሰው ልጅ ተመልሶ ይመጣል። ጎዳና መጥረግና ልጅ ማሳደግ ለየቅል ናቸው።

የኪነት ሰዎችም ከዚህ ወቀሳ አያመልጡም። የጎዳና ልጅ መድረክ ላይ የሚወጣው ወይ ለማሳቅ ወይ ለማስለቀስ ነው። ሠዓሊው ዕንባውን አጉልቶ ይሥላል፤ ገዢው ሥዕሉን ሳሎኑ ይሰቅላል፤ ልጁ ግን ደጅ ያድራል። ቪክቶር ሁጎ እ.ኤ.አ. በ1862 ባሳተመው «ሌ ሚዜራብል» ለፓሪሱ የጎዳና ልጅ ለጋቭሮሽ ምጽዋት አልለመነለትም። ስምና ቀልድ ሰጠው፤ ራሱ መጠለያ አጥቶ ሳለ ታናናሾቹን የሚያስጠልል፣ በሕዝቡም አመፅ መካከል የሚቆም ሰው አደረገው። እንዲህ ያለው ልጅ በመርካቶም አለ፤ ከእርሱ ያነሰውን በላስቲኩ የሚሸፍን፣ ቡሌውን የሚያካፍል። ደራሲ ግን ገና አላገኘም።

እንግዲህ መምህሩ ከክፍል የቀረውን ተማሪ ከመዝገብ ከመሰረዙ በፊት ቤቱ ድረስ ሄዶ ይጠይቅ። የወረዳው ሹም «አድራሻህ የት ነው?» ብሎ ከመመለስ ይልቅ ልጁን ይመዝግብ። ከያኒውም ስለ ጎዳና ልጅ ብዕሩን ከማንሣቱ በፊት ጫማውን የሚጠርግለትን ልጅ ስም ይጠይቅ። ልጁ ስም አለው፤ ያጣው በስሙ የሚጠራውን ነው።