ደብረ ጽዮን፤ ውኃ ያጠራት አምባ

በሰንበት ትምህርት የዮሐንስን ራእይ 1ኛ ምዕራፍ ስናነብ አንድ ተማሪ፥ «መምህር፥ ፍጥሞ ወዴት ናት?» ሲል ጠየቀኝ። ካርታ ዘርግቼ በግሪክና በትንሿ እስያ መካከል ካለው ከኤጅያን ባሕር ላይ አሳየሁት፤ ስፋቷ 34 ኪሎ ሜትር ካሬ ያህል የሆነች ድንጋያማ ደሴት ናት። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1088 መነኩሴው ክሪስቶዶሎስ ደሴቲቱን ከንጉሠ ነገሥቱ ከአሌክስዮስ ተቀብሎ በተራራዋ ላይ የቅዱስ ዮሐንስን ገዳም መሠረተ፤ የባሕር ወንበዴና የቱርክ ጦር ያሰጋ ስለ ነበር ገዳሙ እንደ ምሽግ በወፍራም ቅጥር ታጠረ። ልጁ ይህን ከሰማ በኋላ፥ «በእኛ አገርስ?» አለ። መልሱ ከአቃቂ ብዙ የራቀ አይደለም።

በደጃችን የሚያልፈው መንገድ ዱከምንና ቢሾፍቱን አልፎ ሞጆ ሲደርስ ወደ ደቡብ ይታጠፋል፤ አዋሽን ተሻግሮ በዓለም ጤናና በመቂ በኩል ዝዋይ፥ ዛሬ ባቱ ከምትባለው ከተማ ይደርሳል። በዚያ ያለው ሐይቅ ስፋቱ 430 ኪሎ ሜትር ካሬ ያህል ሲሆን ጥልቀቱ ከ9 ሜትር ብዙ አያልፍም። ከጉራጌ ተራሮች መቂ፥ ከአርሲ ተራሮች ከታር ይገቡበታል፤ ቡልቡላ ከእርሱ ወጥቶ ወደ አብያታ ይወርዳል። የአቃቂ ወንዝ ወደ አዋሽ እንደሚገባ ልጆቻችን ያውቃሉ፤ የዝዋይ ውኃ ግን ከአዋሽ ጋር አይገናኝም፤ አብያታ ከደረሰ በኋላ መውጫ የለውም።

በሐይቁ ላይ 5 ደሴቶች አሉ፤ እነርሱም ገሊላ፥ ደብረ ሲና፥ ፀደቻ፥ ፉንድሮና ከሁሉ የምትበልጠው ደብረ ጽዮን ናቸው። ይህችን በኦሮምኛ ቱሉ ጉዶ ይሏታል፤ ትልቅ ተራራ ማለት ነው። ደብርም በግእዝ ተራራ ነውና ሁለቱ ቋንቋዎች ሳይማከሩ አንድ ነገር አይተዋል።

እንደ ፍጥሞ ገዳም ያለ ቅጥር የላትም፤ ቅጥሯ ውኃው ነው። ዮዲት ጉዲት አክሱምን ባጠፋች ጊዜ ካህናቱ ታቦተ ጽዮንን ይዘው ወደዚህ እንደ ሸሹ፥ ለ70 ዓመትም በዚህ እንዳኖሯት አባቶች ይተርካሉ። ይህን የምነግራችሁ እንደ ትውፊት ነው፤ የሚያስተምር ሰው ትውፊትን ከተጻፈ ታሪክ ለይቶ መናገር ይገባዋል። አሕመድ ግራኝ በ1521 ዓ.ም. በሞጆ አቅራቢያ በሽምብራ ኩሬ ድል ካደረገና አብያተ ክርስቲያናት መቃጠል ከጀመሩ ወዲህም ሌሎች ክርስቲያኖች ወደ ደሴቶቹ እንደ ገቡ ይነገራል። በደሴቲቱ ተጠብቀው የኖሩት የብራና መጻሕፍት ግን በዓይን የሚታዩ ናቸው።

ነዋሪዎቹ ዛይ ይባላሉ። ቋንቋቸው ከስልጤ፥ ከወለኔና ከሐረሪ ጋር ስለሚዛመድ ሁሉም ከአክሱም መጡ ለማለት ያስቸግራል፤ ከልዩ ልዩ ስፍራ፥ በልዩ ልዩ ዘመን የተሰደዱ ሰዎች ተሰብስበው አንድ ሕዝብ ሆኑ ማለት ይሻላል ብዬ አስባለሁ። ምድሩ ጠባብ ስለ ሆነ ተዳፋቱን በድንጋይ እርከን አድርገው አረሱ፤ ዓሣ አጠመዱ፤ ሸማ ሠሩ፤ በውኃ ዳር ከሚበቅል ቀላል እንጨት ታንኳ እያሰሩ ተመላለሱ። ዳግማዊ ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ በ1878 ዓ.ም. የአርሲን ምድር ካስገበሩ ወዲህ ብዙዎቹ ወደ የብስ ወጡ።

ዛሬ በደሴቶቹ የቀረው ሰው ጥቂት ነው። ወደ የብስ ወጥተው የሚማሩት ልጆች ኦሮምኛና አማርኛ ይናገራሉ፤ ዛይኛው ከአያቶች ጋር እየቀረ ነው። ውኃውም ለአበባና ለአትክልት እርሻ ከዳሩ በሞተር ይሳባል፤ መቂና ከታርም ሐይቁ ሳይደርሱ በመስኖ ይቀነሳሉ። እንዲህ ጥልቀቱ ጥቂት በሆነ ሐይቅ 1 ሜትር ቢጎድል ምን ያህል ዳር እንደሚደርቅ ተማሪዎቼን በሥዕል አሠርቻቸው ነበር፤ ከጠበቁት በላይ ሆነባቸው። በቡልቡላ በኩል የሚመጣለት ውኃ የቀነሰበት አብያታ ከቀድሞ ዳርቻው ርቆ ሸሽቷል።