20,000 ዛፍ የሚጠይቅ ክርክር

የውል ጠብ ወደ ዓለም አቀፍ የግልግል ዳኝነት ሲያመራ ጠበቆቹ፣ ገላጋይ ዳኞቹና ምስክሮቹ ከየአገሩ በአውሮፕላን ተነስተው አንድ ከተማ ይሰበሰባሉ። የማስረጃው ጥራዝ ለያንዳንዱ ሰው ይባዛል፤ ክርክሩ ሲያልቅ ያ ሁሉ ወረቀት ይጣላል።

እንግሊዛዊቷ ገላጋይ ዳኛ ሉሲ ግሪንውድ እ.ኤ.አ. በ2019 ይህን ልማድ ለመቀየር ዘመቻ ጀመሩ። ከዘመቻው ጀርባ ያለው ጥናት አንድ ከፍ ያለ ክርክር የሚያስከትለውን በካይ ጋዝ ለማካካስ ወደ 20,000 ዛፎች እንደሚያስፈልጉ ያሳያል። ትልቁ ጥፋት የሚመጣው ከአየር ጉዞው ነው። በየክረምቱ ችግኝ ለሚተክለው ሕዝባችን ይህ ቁጥር ምን ያህል ጉልበት እንደሆነ መንገር አያሻም።

«ይህ የሀብታሞች ጭንቀት ለእኛ ምናችን ነው?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። በእኔ እምነት ግን ጉዳዩ በይበልጥ የሚመለከተው እንደኛ ያለውን አገር ነው። አየሩን የሚበክለው ጉዞ የውጭ ምንዛሪያችንንም ይዞ የሚሄድ ነውና።

የሳሊኒን ጉዳይ እናስታውስ። የጣሊያኑ ኩባንያ ከአዲስ አበባ ውኃና ፍሳሽ ባለሥልጣን ጋር ሲከራከር የዳኝነቱ መቀመጫ አዲስ አበባ ነበር። የግልግል ጉባዔው ግን ክርክሩን ፓሪስ ላይ ለመስማት ወሰነ። የኢትዮጵያ ወገን ተቃወመ፤ ጉዳዩ እስከ ፍርድ ቤቶቻችን ደረሰ። ጉባዔው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2001 በሰጠው ውሳኔ የፍርድ ቤቶቻችን እግድ አያቆመኝም ብሎ ቀጠለ። ያኔ ጥያቄው የፍትሕ ነበር። ዛሬ የአየር ንብረቱም ጥያቄ ወደዚያው ይወስደናል፤ ሥራው የተሠራውና ምስክሩ ያለው እዚህ ከሆነ እዚሁ መስማት ይቀላል።

ደንቦቹም ተሻሽለዋል። የለንደኑ ዓለም አቀፍ የግልግል ፍርድ ቤት የ2020 ደንብ አቤቱታ በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲቀርብ ያዛል። የዓለም አቀፉ የንግድ ምክር ቤት የ2021 ደንብም ጉባዔው ተከራካሪዎቹን አማክሮ ክርክሩን በቪዲዮ ለመስማት እንዲወስን ይፈቅዳል።

ይሁን እንጂ በአረንጓዴ ስም ደካማው ወገን መጎዳት የለበትም። መብራት ሲጠፋ ወይም ኢንተርኔት ሲቆራረጥ የምስክሩ ቃል መሐል ላይ ከቀረ መብት ይጓደላል። ኢትዮጵያ በ2012 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1184 ያጸደቀችው የኒውዮርክ ስምምነትም በአንቀጽ 5 ጉዳዩን የማስረዳት ዕድል የተነፈገ ወገን የውሳኔውን አፈጻጸም እንዲቃወም ይፈቅድለታል። በጥድፊያ የተሰማ ክርክር ውሳኔው ሳይፈጸም ቀርቶ እንደገና ከተጀመረ፣ የተቆጠበው ጉዞ እጥፍ ሆኖ ይመለሳል።

እንግዲህ መፍትሔው ውሉ ላይ ነው። ሰነድ በወረቀት እንዳይባዛ፣ የሥነ ሥርዓት ቀጠሮዎች በቪዲዮ እንዲሆኑ፣ ዋና ዋና ምስክሮች ግን ሥራው በተሠራበት አገር በአካል እንዲሰሙ በግልጽ ይጻፍ። ሃያ ምስክሮች ወደ ፓሪስ ከሚበሩ ሦስት ዳኞች ወደ አዲስ አበባ ቢመጡ ለአየሩም ለካዝናውም ይሻላል። ጠብ ከተነሳ በኋላ በዚህ መስማማት ይከብዳል፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሕግ ባለሙያዎች የግልግል አንቀጹን ከመፈረማቸው በፊት ሊያስቡበት ይገባል።