ሁሉን አትመንጥሩ፤ የምትችሉትን ቁረሱ

ቲክቶክ ላይ የጓሮ ቪዲዮ አይታችሁ ታውቃላችሁ? መጀመሪያ አረም የዋጠው ቦታ ይታያል፤ ከአምስት ሰከንድ በኋላ ባዶ ቀይ አፈር። ሙዚቃ፣ ላይክ፣ አለቀ። ከሁለት ወር በኋላ ቦታው ምን እንደሚመስል ግን የሚለጥፍ የለም። እኔ የምለው፣ ጀማሪ ሰው መሬቱን የሚያጣው አረሙ በዝቶበት ሳይሆን ምንጣሮውን አብዝቶ ነው። በአንድ ቅዳሜ ሁሉንም ይከፍታል፤ በወሩ ሁሉንም ይተዋል።

ይህን የምጽፈው ከጂንካ ነው። ኢኮኖሚክስ ተመርቄ ቋሚ ሥራ ስጠብቅ፣ አጎቴ ለዓመታት ያልተነካ 200 ካሬ ቦታ ሰጠኝ። ቃሉ አጭር ነበር፦ «በልግ ሲያልፍ እንዲሁ ዱር ሆኖ ካገኘሁት ለብሎኬት ማምረቻ አከራየዋለሁ።» ቦታው ላይ የወፍ ቆሎ፣ አስተናግር፣ ሰርዶና ቅንጬ አረም ተቃቅፈው ቆመዋል። እኔ የከፈትኩት 20 ካሬ ብቻ ነው። ሰፈሩ ሳቀ። ምክንያቴን ላስረዳ።

ምንጣሮ የአንድ ጊዜ ወጪ ነው። አረም ግን እንደ ቤት ኪራይ ነው፤ በየጊዜው ይከፈላል፣ ካልከፈልክ ትወጣለህ። 20 ካሬ በሳምንት ሁለት ጠዋት፣ በእያንዳንዱ አንድ ሰዓት ይበቃታል። 200 ካሬውን ብከፍት በሳምንት 20 ሰዓት ይፈልጋል። ያን ሰዓት ከየት አመጣለሁ? ስለዚህ ትክክለኛው ጥያቄ «ስንት ካሬ መመንጠር እችላለሁ?» ሳይሆን «የስንት ካሬ ኪራይ መክፈል እችላለሁ?» ነው።

«ያልዘሩት አይበቅልም» የሚለው ተረት ለአረም አይሠራም። አፈር ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ ብርሃን የሚጠብቅ ዘር አለ። መሬቱን ስትገለብጡትና ስታራቁቱት የምትቀሰቅሱት እሱን ነው። ቅንጬን ውሰዱ። የትውልድ አገሩ ከውቅያኖስ ማዶ፣ አሜሪካ አህጉር ነው፤ ወደ እኛ ከእርዳታ እህል ጋር ተቀላቅሎ እንደገባ በሰፊው ይታመናል። አንዷ ተክል ብቻዋን ከ10 ሺህ በላይ ዘር ትበትናለች። በጣም የምትወደው ደግሞ ባዶ መሬት ነው። ሁሉን መንጥሮ የሚተው ሰው ሳያውቀው መደብ እያነጠፈላት ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? መጀመሪያ ከዝናቡ ቅደሙ። በእኛ አካባቢ ዋናው ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው፤ ሁለተኛው ከመስከረም እስከ ኅዳር ይመጣል። ከበልጉ በፊት፣ በጥርና በየካቲት ደረቅ ወራት፣ ለቤታችሁና ለውኃ የቀረበችውን ጥግ ምረጡ። ቦቲ ጫማ አድርጉ፤ እጃችሁን ከመስደዳችሁ በፊት ቁጥቋጦውን በዱላ ንኩት፣ እባብ ሊኖር ይችላል።

ቀጥሎ አረማችሁን በስሙ እወቁት፤ ለሁሉም አንድ መድኃኒት የለም። ቅንጬን ከማበቡ በፊት ከነሥሩ ንቀሉት። ባዶ እጅ ግን አይሆንም፤ ቆዳ ያሳክካል፣ አስም ያለበትን ሰው ያስቸግራል። ጓንት ከሌለ ፌስታል እጃችሁ ላይ እሰሩ። ሰርዶ ሲሆን መቆራረጥ ማባዛት ነው፤ እያንዳንዱ ቁራጭ ሥር አዲስ ሰርዶ ይሆናል። አፈሩን አላሉና ሥሩን በእጅ ለቅማችሁ ፀሐይ ላይ አድርቁት። የወፍ ቆሎን ከግንዱ ቆርጣችሁ ብትተዉት ያቆጠቁጣል፤ ጉቶው መውጣት አለበት። አስተናግር መርዛማ ስለሆነ ከብትም ሕፃንም በማይደርስበት ቦታ ይወገድ።

የቀረውን 180 ካሬስ? አትቆፍሩት፤ እጨዱት። ዘር ከመያዙ በፊት በማጭድ ዝቅ አድርጎ መቁረጥ ይበቃል። ያልዘራውን እጭድ ሣር በከፈታችሁት መደብ ላይ አልብሱት፤ እርጥበት ይይዛል፣ አዲስ አረም ያፍናል። ቀጥሎ ልትከፍቱት ያሰባችሁትን ክፍል ደግሞ ከሱቅ በተለመነ ካርቶን ሸፍኑት፣ ድንጋይ ጫኑበት። ብርሃን ያጣ አረም ቀስ በቀስ ይዳከማል። እሳት ግን አትልቀቁበት፤ ለአፈሩ ልብስ የሚሆነውን ሁሉ በልቶ ራቁቱን ይተወዋል።

መጀመሪያ ምን ይተከል ካላችሁኝ፣ መልሴ ስኳር ድንች ነው። ሀረጉን ከጎረቤት በነፃ ታገኛላችሁ፤ ተንሰራፍቶ መሬቱን ሲሸፍን ግማሹን የአረም ሥራ እሱ ይሠራላችኋል። ዳር ዳሩን ጎመን ትተክላላችሁ።

ይህን ዘዴ ከኢንተርኔት ብቻ የቀዳሁት አይደለም። ከጂንካ ትንሽ ወጣ ብላችሁ የአሪ ገበሬዎችን ጓሮ እዩ። እንሰት፣ ከሥሩ ቡና፣ ከዚያ ዝቅ ብሎ ኮረሪማና ጎደሬ። ባዶ የቀረ አፈር ለማየት ጎንበስ ብላችሁ መፈለግ አለባችሁ። ጎረቤቴ እማማ «መሬት ራቁቱን አያድርም፤ አንተ ካላለበስከው ራሱ ይለብሳል» አሉኝ። አራት ዓመት ክፍል ውስጥ ቁጭ ብዬ እንዲህ ባጭሩ ያስረዳኝ አልነበረም።

ነገሩ የ200 ካሬ ጉዳይ ብቻም አይደለም። ጥር 2003 ዓ.ም. በዚችው ጂንካ በተከበረው የአርብቶ አደሮች ቀን የኦሞ ሸለቆ ሰፊ የሸንኮራ ልማት ተበሰረ። የኩራዝ ዕቅድ 175 ሺህ ሄክታር ነበር። ዓመታት አለፉ፤ በአገዳ የተሸፈነው ግን ከዕቅዱ ጥቂቱ ነው። ስኳር አያስፈልግም እያልኩ አይደለም። የምለው፣ መያዝ ከሚቻለው በላይ መክፈት በዶዘርም ሆነ በዶማ መጨረሻው ተመሳሳይ መሆኑን ነው።

ደግሞም «ባዶ» የተባለው ሁሉ ባዶ አልነበረም። ሙርሲ፣ ቦዲ፣ ካሮና ዳሰነች የኦሞ ወንዝ ሞልቶ ሲሸሽ የሚተወው ደለል ላይ ማሽላ ሲዘሩ ኖረዋል። ያ መሬት ከጎርፉ በፊት ለሚያየው ሰው ጠፍ ይመስላል። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው ግልገል ጊቤ 3 ግድብ የወንዙን አመታዊ ሙላት ሲገታ ነው ብዙዎች ያ ዳርቻ እርሻ እንደነበር የገባቸው። ከመመንጠር በፊት «እዚህ ምን ነበር? ማን ይጠቀምበት ነበር?» ብሎ መጠየቅ የትንሽ ጓሮም የትልቅ ፕሮጀክትም ሥራ ነው።

«በዚህ አካሄድህ 10 የዝናብ ወቅት ሊፈጅብህ ነው» የሚሉኝ ጓደኞች አሉ። ሒሳቡ እንደዚያ አይሄድም። የመጀመሪያው መደብ ሀረግ ለሁለተኛው ችግኝ ነው፤ በካርቶን የታፈነው ክፍል ደግሞ ሲከፈት ከመጀመሪያው ይቀላል። በየወቅቱ በእጥፍ ቢያድግ 20፣ 40፣ 80፣ 160 ካሬ ይሆናል። ጂንካ በዓመት ሁለት ዝናብ ስላላት ይህ የሁለት ዓመት ሥራ ነው። ወለድ የሚወልደው የያዛችሁት እንጂ የመነጠራችሁት አይደለም።

ከኅዳር 2015 ዓ.ም. የሌማት ትሩፋት ጅማሮ ወዲህ ስለ ጓሮ እርሻ በየመድረኩ ይወራል፤ ጥሩ ነው። ለተደራጁ ወጣቶች መሬት የምትሰጡ ኃላፊዎች ግን አንድ ነገር ልለምናችሁ። በምንጣሮው ቀን ካሜራ ይዛችሁ አትምጡ። ትንሽ ስጡን፣ ከስድስት ወር በኋላ መጥታችሁ እዩ፣ የያዘውን ጨምሩለት። አጎቴንም የምለው ይህንኑ ነው፦ የታጨደውን 180 ሳይሆን፣ ቅጠል የለበሰችውን 20 ቁጠርልኝ።

እናንተም ጓሯችሁ ዱር ከሆነ ዛሬ ዶማ አታንሡ። ወጥታችሁ በእርምጃ ለኩት፤ በሳምንት ስንት ሰዓት እንዳላችሁ በሐቀኝነት ጻፉ። ከዚያ በሰዓታችሁ ልክ ቁረሱ።