መድኃኒት የምትወስድ እናት፤ ስለ እርግዝናዋና ስለ ጡት ማጥባቷ

መልቲፕል ስክለሮሲስ በተባለው የነርቭ ደዌ የሚታመሙ ባለቤት ያላቸው አንድ ወዳጃችን ባለፈው ሰሞን መጥተው፤ «ልጅ እንመኛለን፤ መድኃኒቱን ብትወስድ ለጽንሱ፥ ብትተወው ደግሞ ለርሷ እንፈራለን፤ ምን ይሻላል?» ሲሉ ጠየቁን። ነገሩ የሌሎችም ቤት ጭንቀት መሆኑን ስለምናውቅ በዚህ ገጽ ልንጽፈው ወደድን።

ይህ ደዌ፥ ሰውነትን ከበሽታ ይጠብቅ ዘንድ የተሰጠው ኃይል ተሳስቶ በአንጎልና በሕብለ ሰረሰር ያሉትን ነርቮች ልባስ ሲያጠቃ የሚመጣ ነው። ከወንዶች ይልቅ በሴቶች ይበዛል፤ የሚጀምረውም አብዛኛውን ጊዜ ከ20 እስከ 40 ባለው ዕድሜ፥ ይኸውም ልክ በመውለጃው ዘመን ነው።

ቀድሞ ሐኪሞች እንዲህ ያለችውን ሴት አትውለጂ ይሏት ነበር። ምክሩ ከርኅራኄ የመጣ ቢሆንም ትክክል አልነበረም። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1998 ዓ.ም. የታተመው፥ በ12 የአውሮፓ አገሮች 254 ሴቶችን የተከታተለው ጥናት እንዳሳየው፤ ከእርግዝና በፊት ለአንዲት ሴት በዓመት 0.7 የነበረው የበሽታው ማገርሸት በመጨረሻዎቹ 3 የእርግዝና ወራት ወደ 0.2 ወረደ፤ ከወሊድ በኋላ ባሉት 3 ወራት ግን ወደ 1.2 ወጣ። እንግዲህ ከእርግዝናው ይልቅ አራስነቱ ጥንቃቄ ያሻዋል።

መድኃኒቶቹን ሁሉ አንድ አድርጎ ማየት ግን ስሕተት ነው። በመርፌ የሚሰጡት ኢንተርፌሮን ቤታና ግላቲራመር አሴቴት ቅንጣታቸው ትልቅ ስለ ሆነ እንግዴ ልጁን አልፎ ወደ ጽንሱ የሚደርሰው እጅግ ጥቂት ነው። ስለዚህም የአውሮፓ የመድኃኒት ተቈጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ2019 ዓ.ም. ኢንተርፌሮን ቤታ አስፈላጊ ሲሆን በእርግዝና ጊዜ ሊታሰብበት፥ በጡት ማጥባትም ጊዜ ሊወሰድ እንዲችል ፈቀደ።

ከሚዋጡት ውስጥ ለጽንስም ለሚጠባ ሕፃንም የማይገቡ አሉ። ክላድሪቢን ከመጨረሻው ኪኒን በኋላ 6 ወር ሳይፀነስ መቆየትን ይጠይቃል፤ ትእዛዙም ለአባትየው ጭምር ነው፤ ይህንን ባሎች እምብዛም አይሰሙትም። ቴሪፍሉኖሚድ ከቆመ በኋላ እስከ 2 ዓመት በደም ውስጥ ሊቆይ ስለሚችል፥ ኮሌስቲራሚን በተባለ ዱቄት በ11 ቀን ከሰውነት እንዲወጣ ይደረጋል። ፊንጎሊሞድ በጽንስ ላይ ከባድ የአካል ጉድለት የማድረሱ ነገር በሕዝብ ዘንድ ከተለመደው ከ2 እስከ 3 በመቶ ወደ እጥፍ ስለሚጠጋ፥ ከመፅነስ 2 ወር አስቀድሞ መቆም አለበት።

ነገር ግን ፊንጎሊሞድን ወይም ናታሊዙማብን ያለ ምትክ የምትተው ሴት ከቀድሞው የከፋ ማገርሸት ሊደርስባት ይችላል። ስለዚህ ሐኪሙ ገና ከመፅነስ በፊት ለጽንስ ወደሚስማማ ሌላ መድኃኒት ያሻግራታል፤ ናታሊዙማብን ግን አንዳንዶቹ ሐኪሞች እስከ 30ኛው ሳምንት ገደማ የመርፌውን ቀን እያራራቁ ይሰጡታል፤ ከዚያም የተወለደውን ሕፃን ደም ይመረምራሉ።

ኦክሬሊዙማብ የተባለው ደግሞ ለአገራችን ሰው ልዩ ማስታወሻ አለው። ወደ ጡት ወተት የሚያልፈው እጅግ ጥቂት ቢሆንም፥ በእርግዝና ጊዜ ከተወሰደ የሕፃኑን የደም መከላከያ ሊያሳንስ ይችላል። በኢትዮጵያ ደግሞ የሳንባ ነቀርሳ መከላከያ የሆነው ሕያው ክትባት ሕፃኑ እንደ ተወለደ ይሰጣል። የሕፃኑ ደም ሳይመረመር ይህ ክትባት መሰጠት የለበትምና፥ ለአዋላጂቱ አስቀድሞ መንገር ያስፈልጋል፤ ካልነገሯት ከየት ታውቃለች?

ወዳጃችንን የመድኃኒቱን ስም ስንጠይቃቸው ፊንጎሊሞድ መሆኑን ነገሩን፤ ቀጥለውም ወይዘሮዋ ኪኒኑን ከ2 ሳምንት በፊት ለሐኪማቸው ሳይናገሩ ማቆማቸውን ገለጡልን። ያን ዕለቱን ወደ ሐኪማቸው እንዲሄዱ ለመንናቸው፤ እርሳቸውም ሳይውሉ ሳያድሩ ይዘዋቸው ሄዱ።