የቧንቧው መስመር መሬት ለንብም ለከብትም ይበቃል

ከምንጭ ተጠልፎ እስከ መንደር ቦኖ የሚዘልቅ የመጠጥ ውሃ ቧንቧ በብዙ የገበሬ ማኅበራት ክልል ይገኛል። ቧንቧው ከተቀበረ በኋላ ግን በላዩ ያለው መሬት ባለቤት እንደሌለው ይቆጠራል። አንዱ ያርሰዋል፤ ሌላው ባሕር ዛፍ ይተክልበታል፤ ሦስተኛው ከብት ያሰማራበታል። ውጤቱ ለማንም አይበጅም። የታረሰው አፈር በክረምት ጎርፍ ታጥቦ ቧንቧው ይጋለጣል፤ የዛፍ ሥር መጋጠሚያዎችን ይጎዳል፤ ግጦሽ የበዛበትም ስፍራ ወደ ቦረቦርነት ይለወጣል።

ይህ መሬት ትንሽ መስሎ ይታይ ይሆናል። ሆኖም 4 ሜትር ስፋትና 5 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው መስመር 2 ሄክታር፣ ማለትም 8 ጥማድ ያህል ይሆናል። በሣርና በአበባ ከተሸፈነ አፈሩን ይይዛል፣ ቧንቧውን ይጠብቃል፣ ለንብም ቀለብ ይሆናል።

የንብ ጉዳይ የማር ጉዳይ ብቻ አይደለም። የኑግ አበባ በራሱ የአበባ ዱቄት ፍሬ ለመያዝ እምብዛም አይችልም፤ ዱቄቱን ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው የምታደርሰው በተለይ ንብ ናት። ባቄላም ንብ ሲጎበኘው ፍሬ አያያዙ ይሻሻላል። ንብ ግን ኑግ በሚያብብበት ወቅት ብቻ ኖራ ልትዘልቅ አትችልም። ከዚህም ሌላ ማሯ ለመድኃኒት የምትፈለገው ጣዝማ የምትኖረው ከመሬት በታች ነው። ማረሻ በማይነካው ሣር ውስጥ ቆቅና ጅግራም ይፈለፍላሉ።

አያያዙ ከባድ ወጪ አይጠይቅም። በቧንቧው ላይ ዛፍ አይተከልም፤ ሣር፣ ማገጥና አደይ አበባ እንዲበቅሉ ይተዋል። ግራዋ ከመስመሩ ራቅ ብሎ፣ ዋንዛና ብሳና ደግሞ ከዚያም አልፎ በድንበር ላይ ቢተከሉ ይመረጣል። የውሃ መዝጊያና መክፈቻ ያለበት ስፍራ ለጥገና እንዲያመች ምንጊዜም ይመነጠራል።

ሣሩ የሚታጨደው አበባው ረግፎ ዘሩ ከወደቀ በኋላ ነው። ሁሉም በአንድ ቀን መታጨድ የለበትም፤ ግማሹ ሲታጨድ ግማሹ ለንብና ለአዕዋፍ መጠለያ ሆኖ ይቆያል። ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ አድርጎ ማጨድ ሣሩ ቶሎ እንዲያገግም ይረዳል። እሳት ፈጽሞ አይለቀቅበትም። ቅንጨ አረም ሳያብብ፣ እጅን ሸፍኖ መነቀል አለበት፤ አረሙ ቆዳን ያሳክካልና። በአጠገቡ ባለው ማሳ ፀረ-ተባይ መርጨት ግድ ከሆነ፣ ሰብሉ በሚያብብበት ጊዜ ባይሆን ይሻላል፤ ካልተቻለም ንቦች ወደ ቀፎ ከገቡ በኋላ፣ አመሻሽ ላይ፣ ንብ አናቢዎች አስቀድመው እንዲያውቁት ተደርጎ ይረጫል።

ዋናው ችግር የጥቅም ክፍፍሉ ነው። መስመሩ በማሳው ላይ ያለፈበት ገበሬ መሬቱን ያጣ መስሎ ከተሰማው ጥበቃው አይጸናም። ስለዚህ የሚታጨደው ሣር ቅድሚያ ለእርሱ ቢሰጥ፣ ቀፎ የማስቀመጡ ዕድል ደግሞ መሬት ለሌላቸው ወጣቶች ቢመደብ ሁሉም ጠባቂ ይሆናል። ቀፎው ግን ከቦኖውና ከመንገድ መራቅ ይኖርበታል፤ የአገራችን ንብ ቁጡ ናትና።

በ2002 ዓ.ም. የወጣው የንብ ሀብት ልማትና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 660 ጉዳዩ በሕግ ደረጃ የታሰበበት መሆኑን ያሳያል። አዋጅ ብቻውን ግን መስመር አይጠብቅም። የገበሬ ማኅበራት መሪዎች ከውሃ ኮሚቴውና ከልማት ሠራተኛው ጋር ሆነው ክረምት ሳይገባ መስመሩን በእግራቸው ተዘዋውረው ሊያዩት፣ ወሰኑን በችካል ሊለዩት፣ የአጨዳውንና የቀፎውን ድርሻ በጠቅላላ ስብሰባ አስወስነው በቃለ ጉባኤ ሊያሰፍሩት ይገባል። ሐምሌ ከገባ በኋላ ቦረቦር መድፈን፣ ዛሬ ሣሩን ከመጠበቅ እጅግ የከበደ ሥራ ነው።