ያገሬን ውርጭ ስጽፍ

ሰሞኑን ታሪኩ በትውልድ አገሬ በመንዝ፣ በሞላሌ ዙሪያ በሚፈጸም ልብ ወለድ ተጠምጄ ነበር። ሦስት ምዕራፍ ስጨርስ እንደ ልማዴ ባለቤቴ እንድታነበው ሰጠኋት። አንብባ ስትጨርስ «ያስለቅሳል፤ እናትህን ግን አላገኘኋትም» አለችኝ።

ነገሩ ከነከነኝ። በጻፍኩት ውስጥ ገብሷን ውርጭ የመታባት አንዲት እናት ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ታለቅሳለች። በሦስተኛው ምዕራፍ አንድ ወንጌላዊ ይመጣል፤ ችግሩም ሁሉ ይፈታል። የእኔ እናት እንዲህ አልነበረችም። በ1977 ዓ.ም. እኔ ልጅ ሳለሁ፣ ማታ ማታ በኩራዝ ብርሃን ለባና የሚሆን የበግ ጠጉር ትፈትል ነበር። በግ ይሸጥ አይሸጥ በሚለው ከአባቴ ጋር ተኳርፋለች። አንድ ቀን ደግሞ አክስቴ ዱቄት ልትበደር ስትመጣ «የለኝም» ብላ መለሰቻት። ስልቻው ከጎታው ኋላ እንደነበረ በዓይኔ አይቻለሁ።

ይህን ለምን ተውሁት? አንዱ ምክንያት እፍረት ነው። ሌላው ደግሞ የአንባቢን እንባ በቀላሉ ለማግኘት መፈለጌ ነው። የሚያለቅስ እንጂ የሚደብቅ ድሃ አያሳዝንም ብዬ ነበር።

ታላላቆቻችን ግን እንዲህ አልጻፉም። ከሞላሌ ተነስቶ በመዘዞ በኩል ጣርማበር የደረሰ ሰው ቁልቁል ሲወርድ ደብረ ሲናን ያገኛል። የዳኛቸው ወርቁ አገር ነው። በ1962 ዓ.ም. የታተመው «አደፍርስ» የዚያኑ አካባቢ ሰዎች እንደየአነጋገራቸው ያናግራል፤ ባላገሩም የተማረውም የየራሱን ይላል። ሐዲስ ዓለማየሁም በ1958 ዓ.ም. ባወጡት «ፍቅር እስከ መቃብር» የጎጃምን ባላባትና ካህን ጉድለት አልሸፈኑም። ይሁን እንጂ ፊታውራሪ መሸሻን ስናነብ ተቆጥተን ብቻ አንቀርም፤ እንስቃለን፣ እናዝንላቸዋለንም። ሰውን መውደድና የሰውን ጥፋት መናገር አብረው ይሄዳሉ ማለት ነው።

መጽሐፍ ቅዱሳችንስ? መጽሐፈ ሩት የሚጀምረው በራብ ነው፤ ያውም የስሟ ትርጉም «የእንጀራ ቤት» በሆነው በቤተ ልሔም። ኑኃሚን ወደ አገሯ ስትመለስ ምሬቷን በአደባባይ ትናገራለች። ጸሐፊው አያርማትም፣ አያፍርባትምም። የእግዚአብሔርንም ቸርነት የሚያሳየን በድንገተኛ ተአምር ሳይሆን ሩት ቀኑን ሙሉ ቃርማ፣ ወቅታ ባገኘችው አንድ የኢፍ መስፈሪያ በሚያህል ገብስ ነው። የገብስ አገር ልጅ ስለሆንኩ ይህ ይገባኛል።

እንግዲህ ስልክ አንስቼ ሞላሌ ደወልሁ። «እማዬ፣ ያንን የዱቄቱን ነገር ልጽፈው አስቤያለሁ። ካልፈቀድሽ እተወዋለሁ» አልኋት።

«አዬ ልጄ፣ አይተህ ኖሯል!» አለችና ሳቀች። ከዚያም ትንሽ ዝም አለች። «ጻፈው፤ እውነት ነው። ሁለት ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። በሦስተኛው ቀን ግማሹን ራሴ ተሸክሜ ወሰድሁላት፤ አልቅሰን ታረቅን። አንዱን ከጻፍህ ሌላውንም ጻፍ። አባትህንም አትማው፤ በጉን የሸጠው ለአንተ መድኃኒት ነው።»

ወገኖቼ፣ የሦስተኛውን ቀን ነገር እስከዚያች ሰዓት አላውቅም ነበር። ጥፋቷን ለመሸፈን ስል ንስሐዋንም ሸፍኜው ኖሯል። ያንን ወንጌላዊ ከሦስተኛው ምዕራፍ አወጣሁት፤ ጸጋ ከእርሱ አስቀድሞ በስልቻ ዱቄት ወደ አክስቴ ቤት ሄዷልና።

ይህ ለደራሲ ብቻ አይደለም። ምስክርነት ስንሰጥ፣ ለልጆቻችን ያሳለፍነውን ስንነግር፣ ባልና ሚስት ስለ ክፉ ቀናችን ስናወራ የምናስጌጠው፣ የምንዘለው ገጽ የለም ወይ? እስቲ ዛሬ ማታ ከእራት በኋላ አንዱን የተዘለለ ገጽ አብራችሁ አንብቡት። የሦስተኛው ቀን ታሪክ እዚያ ተደብቆ ሊሆን ይችላል።

ጌታ ቤታችሁን ይባርክ!