ሕፃን እየሣቀ ቢማር ምን ይጎድልብናል?

«ልጅን ሲወዱ ከነንፍጡ ነው» የሚለው ብሂል ከአባቶቻችን የወረስነው ነው። ይሁን እንጂ በዛሬው ጊዜ ልጆቻችንን ከነንፍጣቸው ለመውደድ ፈቅደን፣ ከነሣቃቸው ለመውደድ እንቢ ያልን ይመስላል። ይህንም የምንለው ያለ ምክንያት አይደለም።

በአዳማ ከተማ ከሚገኙት መዋዕለ ሕፃናት አንዱን በጎበኘንበት ዕለት፣ የአራት ዓመት ሕፃናት በአግዳሚ ላይ ተደርድረው አንዱን ፊደል ገጹ እስኪሞላ ድረስ ሲገለብጡ አየን። በክፍሉ ጥግ ደግሞ በቁልፍ የተዘጋ ቁም ሣጥን ነበር፤ በመስተዋቱም ውስጥ ጫማ ያጠለቀ ጅብና ጃንጥላ የያዘ ዝሆን የተሣሉባቸው መጻሕፍት ይታዩ ነበር። ስለ ምን እንደ ተቆለፈባቸው ብንጠይቅ፣ «ልጆቹ ይቀዷቸዋል፤ ደግሞም የሚያስቁ ስለ ሆኑ ትምህርቱን ያውካሉ» የሚል መልስ አገኘን። ዛሬ ብዕራችንን ያነሣነው በዚህ መልስ ላይ ነው እንጂ በመምህርቷ ላይ አይደለም፤ መልሱ የእርሷ ብቻ ሳይሆን የብዙዎቻችን ነውና።

ሣቅ ልጅን ያባልጋል የሚሉ ሰዎች፣ ቁም ነገር ከተኮሳተረ ፊት በቀር ከሌላ አይገኝም ብለው የሚያምኑ ናቸው። እንዲህ ከሆነስ አለቃ ገብረ ሐናን ምን ልንላቸው ነው? በጨዋታ አዋቂነታቸው እስከ ዛሬ ስማቸው የሚነሣው እኒህ ሰው፣ በልጃቸው ስም የሚጠራውን የተክሌ አቋቋም ለቤተ ክርስቲያን ያበረከቱ ታላቅ ሊቅ አልነበሩምን? ቀልዳቸው ሊቅነታቸውን አላጎደለባቸውም፤ ሊቅነታቸውም ቀልዳቸውን አልከለከለባቸውም።

ከዚህም በላይ፣ ሕፃን የሚስቀው ነገሩ ሲገባው መሆኑን ልብ እንበል። ጫማ ያጠለቀውን ጅብ አይቶ የሚስቀው ጅብ ጫማ እንደማያጠልቅ አስቀድሞ ስለሚያውቅ ነው። የሚያውቀውን ከሚያየው ጋር አነጻጽሮ፣ ልዩነቱን አግኝቶ፣ በገዛ ራሱ ፈርዶ ሣቀ ማለት ነው። ይህ ማሰብ ካልሆነ ማሰብ ምንድር ነው? ደግሞም ያሣቀውን መጽሐፍ «እንደ ገና አንብብልኝ» ይላል፤ አሥር ጊዜም ቢነበብለት አይጠግብም። አንድ ቃል ዘለን ብናነብ እንኳ አቁሞ ያርመናል። መምህር በአለንጋ የሚያስደግመውን ትምህርት ሕፃኑ ለምኖ ይደግመዋል።

ሥዕሉ ልጁን ከፊደል ያርቀዋል የሚሉም አሉ። የሌላው ዓለም ታሪክ ግን ይህን አያሳይም። በጀርመን አገር በፍራንክፈርት ከተማ የሚኖር ሄንሪኽ ሆፍማን የተባለ ሐኪም፣ እ.ኤ.አ. በ1844 ለገና በዓል ለሦስት ዓመት ልጁ የሚሆን የሥዕል መጽሐፍ ፈልጎ ተግሣጽ ከሞላባቸው በቀር ሌላ ቢያጣ፣ ባዶ ደብተር ገዝቶ በገዛ እጁ የሚያስቅ ሥዕልና ግጥም ሞላበት። በ1845 የታተመው ያ ደብተር ከታወቁት የልጆች መጻሕፍት አንዱ ሆነ። በአሜሪካም ዶክተር ሱስ በሚል የብዕር ስም የሚታወቀው ደራሲ፣ እ.ኤ.አ. በ1957 ባርኔጣ ስላደረገ አንድ አስቸጋሪ ድመት ያሳተመው መጽሐፍ 236 ልዩ ልዩ ቃላት ብቻ ያሉት ነው። በእነዚህ ጥቂት ቃላት ብዙ ሕፃናት እየሣቁ ማንበብን ለመዱ።

«ይህ የባዕድ ነገር ነው» ለሚለን ሰው ደግሞ የራሳችን ምስክር አለን። አቶ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ በሳን ፍራንሲስኮ ቤተ መጻሕፍት የሕፃናት ክፍል ሲሠሩ በአማርኛ የተዘጋጀ የልጆች መጽሐፍ ማጣታቸው ከነከናቸው። ስለዚህ የሞኙን የማሞን ተረት በአማርኛና በእንግሊዝኛ፣ በቀለም ሥዕል አስጊጠው እ.ኤ.አ. በ2002 አሳተሙ። በ2003 በአዲስ አበባ በሾላ አካባቢ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ተከፈተ፤ በ2005 ደግሞ በሀዋሳ በአህያ የሚጎተት ተንቀሳቃሽ ቤተ መጻሕፍት ሥራ ጀመረ። ሀዋሳ ከሻሸመኔ እጅግ የራቀች አገር አይደለችም። በመቂም፣ በባቱም፣ በአርሲ ነገሌም ጭነት የሚስቡ አህዮች ሞልተዋል። ሲሚንቶና ሽንኩርት የሚጎትተው ጋሪ በሳምንት አንድ ቀን መጻሕፍት ቢጎትት የሚከብደው ምኑ ነው?

በአዳማና በስምጥ ሸለቆ ከተሞች የሥዕል መጽሐፍ የሚሰጠው ጥቅም እንዲያውም ከሌላው አገር ይበልጣል እንላለን። በእነዚህ ከተሞች አንዱ ሕፃን በቤቱ ኦሮምኛ፣ ጎረቤቱ አማርኛ ይናገራል፤ አንዱ በቁቤ፣ ሌላው በግዕዝ ፊደል መማር ይጀምራል። ሥዕል ግን የሁለቱም ነው። ፊደል ያልቆጠረች አያትም ብትሆን መጽሐፉን በጉልበቷ ላይ ዘርግታ፣ ጅቡን በጣቷ እያሳየች፣ ታሪኩን በገዛ ቋንቋዋ ልታወራው ትችላለች። በዚያች ሰዓት ያልተማረችው አያት መምህር ትሆናለች። ይህን ማዕረግ የሚሰጣት ሌላ የትኛው መጽሐፍ ነው?

መጽሐፉ ይቀደዳል የሚለውን ክርክር አንክድም፤ በእርግጥ ይቀደዳል። ነገር ግን የተቀደደ መጽሐፍ የተነበበ መጽሐፍ ነው፤ በቁም ሣጥን የተቆለፈውን ግን ምስጥ ያነበዋል። ልጆች ሣቅን ከስልክ ያገኛሉ ለሚሉትም መልሳችን አጭር ነው። ስልኩ ሕፃኑን ለብቻው ያሥቀዋል፤ «ይህ ጅብ አሁን ወዴት የሚሄድ ይመስልሃል?» ብሎ ጠይቆ መልሱን የሚጠብቅለት ግን አጠገቡ የተቀመጠ ሰው ነው። እኛ የምንከራከረው ስለ ወረቀቱ ብቻ ሳይሆን ስለዚያ ሰውም ጭምር ነው።

እርግጥ ነው፤ ሣቅ ሁሉ አንድ አይደለም። አካሉ በጎደለው፣ በድኻው፣ ወይም በሌላው ሰው አነጋገር የሚያሣልቅ መጽሐፍ ቢመጣ ቁልፉን እኛው ራሳችን እናቀብላለን። ደግሞም የምንሻው የውጭ አገር ቀልድ ብቻ አይደለም። በባቱ ሐይቅ ዳር አባ ኮዳ እንደ ሽማግሌ ዳኛ አጎንብሶ ዓሣ አጥማጁን ሲከተል ያየ ሠዓሊ፣ የሚያስቅ ነገር ፍለጋ ባሕር ማቋረጥ ያስፈልገዋልን?

ስለዚህ ሹማምንቱን የምንለምነው፣ ለመዋዕለ ሕፃናት ወንበርና ጠረጴዛ ሲገዛ በአማርኛም በኦሮምኛም ለተዘጋጁ የሥዕል መጻሕፍት ጥቂት በጀት እንዲመድቡ ነው። መምህራንን የምንለምነው ቁም ሣጥኑን እንዲከፍቱና በየቀኑ ሩብ ሰዓት እንኳ ለሕፃናቱ እንዲያነቡላቸው ነው። ተማሪዎችንም የምንለምነው፣ እንደዚያ ሐኪም ባዶ ደብተር ወስደው ለታናናሾቻቸው እንዲሥሉ ነው።

በመጨረሻም ወደ ሞኙ ማሞ እንመለስ። በምድጃ ዳር ሲተረት እንደምንሰማው፣ ማሞ የድካሙን ዋጋ ገንዘብ ተቀብሎ በመንገድ ቢጥለው እናቱ «በኪስህ መክተት ነበረብህ» ብላ መከረችው፤ በማግሥቱ ወተት ቢሰጡት ምክሯን አክብሮ በኪሱ አፈሰሰው። ምክሩ መልካም ነበር፤ ጥፋቱ ለወተት አለመሆኑን አለማወቁ ነው። ለጎልማሳ የሚገባውን ጭምትነት በአራት ዓመት ሕፃን ላይ የምንጭን እኛም ወተቱን በኪሳችን እያፈሰስን ነው። በማሞ ከመሣቃችን በፊት ኪሳችንን እንዳስሰው።